የተቀባይዋ ቦታ

ጎረቤቴ ጥቁር ለብሳ ደጃፌ ላይ ስትቆም እኔ ገና ከገበያ መግባቴ ነበር፤ የበርበሬ ጆንያዬን እንኳ ከትከሻዬ አላወረድኩም። የእሷን ቤትና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው። ጠዋት ነጭ ነጠላ ለብሳ አብረን ነው የወጣነው። ማን ሞተ ብዬ ልጠይቅ ስል ቀደመችኝ።

«እትዬ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«ምኑን?»

«የልጄን ሞት።»

ልጇ በባሕር ተሻግሬ ዓረብ አገር እገባለሁ ብላ ከሰቆጣ ከወጣች ሁለተኛው ክረምት እየመጣ ነበር። ድምፅዋ ከጠፋም እንዲሁ። ወሬ የመጣ መሰለኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ባጃጅ ውስጥ ሰማሁት።»

«ነጂው ነው የነገረሽ?»

«ዘፈኑ ነው። የልጅ ልጅዎ አዲሱ ዘፈን ላይ የኔ ልጅ የለችም። ቦታዋ ላይ ሌላ ሴት ገብታበታለች።»

ለማያውቅ ሰው ይህ የጤና ንግግር አይመስልም። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ጆንያውን መሬት ጥዬ እላዩ ላይ ተቀመጥኩበት። ለምን እንደገባኝ ለማስረዳት ስለ ሁለቱ ልጆች መናገር አለብኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ቢሆንም ይህን ራሴ ልጽፈው ፈልጌአለሁ። በከተማው የሚወራው ወይ የልጅ ልጄን ጨካኝ፣ ወይ ጎረቤቴን እብድ እያደረገ ነው። ሁለቱም ፍርድ ልክ አይደለም።

የልጅ ልጄ ራፐር ናት። እናቷ ወልድያ ስለምትሠራ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የሰማኋት ቀን ከሰው የተጣላች መስሎኝ ከጓሮ ሮጬ ገባሁ። ብቻዋን ቆማ ግድግዳው ላይ ታወርድበታለች።

«ከማን ጋር ነው?» አልኳት።

«ከማንም ጋር አይደለም እምዬ፣ ራፕ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስቆጣሻል?»

«እርስዎ ገበያ ላይ ሚዛን ያጎደለብዎትን ሰው እንዴት ነው የሚያናግሩት? እኔ ምት ጨመርኩበት እንጂ ሌላ ምን አደረግኩ?»

ገበያ ላይ ሚዛን የሚያጎድል ሰው ሲያጋጥመኝ እንዴት እንደምናገር መላው ሰቆጣ ያውቃል።

የጎረቤቴ ልጅ ከእሷ በጥቂት ወር ታንሳለች። አጥሩ መሀል የሠሩት ቀዳዳ ነበራቸው፤ ውሻ እንኳ በዚያ መግባት ለምዶ ነበር። በሻደይ በዓልም አንድ ቡድን ነበሩ። በእኛ አገር ነሐሴ አጋማሽ ሲያልፍ ልጃገረዶች ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ ይጫወታሉ። አንዷ አውራጅ ትሆናለች፤ ግጥሙን ታወጣለች። ሌሎቹ ክብ ሠርተው ይቀበላሉ። ከሚቀበሉት ውስጥ ግን አንዷ ዋና ተቀባይ ናት፤ የአውራጇን የመጨረሻ ቃል ከአየር ላይ እንደመቅለብ አድርጋ ከፍ የምታደርገው እሷ ናት። የልጅ ልጄ አውራጅ፣ የጎረቤቴ ልጅ ተቀባይ ነበሩ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ።

በእኛ ሰፈር የሚጠበቅ ደንብ አለ። እያንዳንዷ ልጅ በክቡ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። ትዳር ይዛ ወደ አምደወርቅ ብትሄድ፣ ታምማ ብትተኛ፣ ለሥራ ብትወጣ ቦታዋ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በግራና በቀኝ ያሉት ልጆች እጅ ለእጅ አይያያዙም፤ በመሀላቸው አንድ ሰው የሚያክል ክፍተት ይዘው ይጨፍራሉ። የጎደለችው ዋና ተቀባይ ከሆነች በእሷ ተራ ማንም አይቀበልም፤ ከበሮው ብቻ ይመታና ያልፋል። ያ ቦታ የሚዘጋው ልጅቷ ስትሞት ነው። የምትዘጋውም እናቷ ናት። ከበሮው ዝም ይላል፣ እናት ወደ ክቡ ትገባለች፣ በክፍተቱ ወዲያና ወዲህ የቆሙትን ሁለት ልጆች እጅ ይዛ ታያይዛቸዋለች። ከዚያ ትወጣለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደግሜ ማየት አልፈልግም።

ጦርነቱ ባለፈ ማግስት የነበረው ዓመት ክፉ ነበር። መብራት የለም፣ ስልክ ደግሞ ቀን መርጦ ነው የሚሠራው። ከቤቴ ጥግ የቆመው የእህል ጎታዬ ባዶ ነበር። የመጀመሪያውን ሚክስቴፕ የቀዱት እዚያ ውስጥ ነው። ሚክስቴፕ ምን እንደሆነ ጠይቄ ተረድቻለሁ፤ እንደ ካሴት ብዙ ዘፈን በአንድ ላይ የያዘ ነው፣ ግን ሱቅ ገብቶ አይሸጥም፤ ሰው ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበለ በነፃ ይሰማዋል። ሁለቱ ልጆች በርጩማ ላይ ቆመው አንገታቸውን በጎታው አፍ አስገብተው፣ ስልኩን በክር ወደ ውስጥ አንጠልጥለው ይቀዱ ነበር። የመንገዱ ጫጫታ አይገባም፤ ድምፃቸው ደግሞ ወፍሮ ይመለሳል። ጎታዬ እህል አጥቶ ዘፈን ሲወጣው ሳይ እያዘንኩም ቢሆን ዝም አልኳቸው። ሌላ የሚያወጡት ነገር አልነበረም።

በመጀመሪያው ሚክስቴፕ ላይ ከጋዝጊብላ የመጣ ማሲንቆ መቺ ልጅ ገባበት። በሁለተኛው ላይ አምደወርቅ ያለች አንዲት ተማሪ ድምፅዋን በስልክ እየላከች አብራቸው ሠራች። ማንም ይግባ ማን፣ የልጅ ልጄ በአማርኛ ታወርዳለች፣ የጎረቤቴ ልጅ በአገራችን በዋግ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ ትቀበላታለች። ከሁሉ የተወደደላቸው ስለ ቦኖ ውኃ ወረፋ የሠሩት ነው። እንዲህ የሚል አለበት፦

ጀሪካኔ ቆሟል፣ እኔ እዚያ ባልኖርም፣
ተራዬን ያለፈ ውኃውን አይጠጣም።

እኔም ከዘፈኖቿ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ወረፋ የሚሰርቅ ሰው አልወድም።

ከሁለተኛው ሚክስቴፕ በኋላ የጎረቤቴ ልጅ ሄደች። ተደብቃ አይደለም የሄደችው፤ እናቷ በጎቿን ሸጣ፣ ስንቅ ቋጥራ፣ እስከ መናኸሪያ ሸኝታታለች። መንገድ ላይ ሳለች ትደውል ነበር። መጨረሻ ላይ ከባሕሩ ዳር ደወለች። «ነገ እንሻገራለን» አለች። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ከእሷ ጋር ከሄዱት አንዳንዶቹ ደረሱ ተባለ፣ አንዳንዶቹ ታሰሩ ተባለ፤ ስለ እሷ እርግጡን የሚናገር ሰው ግን አልተገኘም። እናቷ በልጇ ድምፅ ትኖር ጀመር። ስልኳ ውስጥ ያለውን ሚክስቴፕ እየሰማች ታለቅሳለች፣ እየሰማች እንጨት ትፈልጣለች፣ እየሰማች ትተኛለች።

በዚህ መሀል አዲስ አበባ ስቱዲዮ ያለው አንድ ወጣት ራፐር ሁለተኛውን ሚክስቴፕ ሰምቶ የልጅ ልጄን አስጠራት። የወረፋውን ዘፈን አብረው እንደገና ሠሩት። እሱ አንድ አንጓ ጨመረበት፣ ምቱን ለወጠው፣ አፈጠነው። ዘፈኑ ሰውን ያዘ። ሰቆጣ ሲደርስም ባጃጆቹ ሁሉ ይዘውት ይዞሩ ጀመር። ጎረቤቴ ያን ቀን ከገበያ ስትመለስ የሰማችው ይህን ነው። የልጇ ተራ ሲደርስ ጆሮዋን ሰጠች፤ ቃሉ ያው የኽምጥኛው ቃል ነው፣ አፉ ግን የሌላ ሴት ነው።

«እርስዎ ደንቡን ያውቁታል» አለችኝ። «ሰው በሕይወት እያለ ቦታው ይሞላል?»

«አይሞላም።»

«እንግዲህ።»

«ቆይ እስቲ። ይህ የስቱዲዮ ሥራ ነው፤ አዲስ አበቤዎቹ ደንቡን አያውቁትም።»

«የልጅ ልጅዎ ታውቀዋለች።»

እዚህ ላይ ያዘችኝ። የልጅ ልጄ ታውቀዋለች፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ።

ጎረቤቴ ሌላም ማስረጃ ይዛ ነበር። ከባጃጁ ወርዳ በጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ሱቅ ስታልፍ፣ ነጋዴው እሷን አይቶ የድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረገው። «አውቆ ነው» አለች። «ሁሉም ያውቃል። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።» በኋላ ሄጄ ሰውዬውን ጠየቅኩት። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ወላሂ እናቴ፣ እሷ ስታልፍ ሁልጊዜ ነው የምቀንሰው። የልጇን ድምፅ ስትሰማ መንገድ ላይ ታለቅስ ስለነበር ነው። ይህኛው ላይ ልጇ እንደሌለች እንኳ አላስተዋልኩም።» እሱ በደግነት ያደረገውን እሷ እንደ መርዶ ወሰደችው።

የሚከፋው ነገር ይህን ወሬ ማፍረሻ አለመኖሩ ነው። በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንደመጣ አይነገርም። የሰሙት ይደብቁታል፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ማለዳ ሽማግሌዎች ሄደው እስኪያረዱ ድረስ ከሟች እናት ጋር እየሳቁ ያወራሉ። ስለዚህ «አልሞተችም» የሚላት ሰው ሁሉ ከሚደብቁት አንዱ መሰላት። ስልክ ደውዬ ከልጅ ልጄ ጋር አገናኘኋት። የልጅ ልጄ ከወዲያ ማለች፣ ተገዘተች፣ ድምፁን የለወጡት ለጥራት ብለው እንጂ ምንም ስለሰሙ እንዳልሆነ ነገረቻት። ጎረቤቴ ሰማቻትና ስልኩን መለሰችልኝ።

«ጥሩ አድርጋ ትዋሻለች» አለችኝ። «ያለቀስኩ እንዳይመስላት ይንገሩልኝ። መቼ እንደሚያረዱኝ ብቻ ይንገሩኝ፤ ቤቴን ልጥረግ።»

ያን ቀን ነው በእውነት የፈራሁት።

ሰው መምጣት ጀመረ። አንዷ ንፍሮ ይዛ መጣች፣ ሌላዋ ወንበር አመጣች። ቄሱ ወሬው ሳይረጋገጥ ፍትሐት የለም አሉና ተመለሱ፤ ሴቶቹ ግን «አልቅሳ ይውጣላት፣ እንዲህ ሆና ከምትቀር» እያሉ ግቢውን ሞሉት። እኔ አልገባሁም። በአጥሩ ቀዳዳ ጎን ቆሜ፣ «ላልመጣ መርዶ አልቀመጥም» አልኳቸው።

«ልጅሽ የሠራችው ስለሆነ ነው» አለችኝ አንዲት አብሮ አደጌ። «የሌላ ሰው ልጅ ዘፍና ቢሆን ኖሮ ከሁላችን ቀድመሽ ትፈርጂ ነበር።»

«አሁንም እፈርዳለሁ። ልጄ ጥፋተኛ ናት። የእሷ ልጅ ግን ሞታለች ብሎ ማንም አልነገረኝም፤ ለአንቺም አልነገረሽም። በስቱዲዮ ጥፋት ሰው አይቀበርም።»

«ደረቅ ሴት» አለችና ንፍሮዋን ይዛ ገባች።

ቤቴ ገብቼ የአዲስ አበባውን ወጣት ስልክ ቁጥር ከልጅ ልጄ ተቀበልኩና ደወልኩለት። ጨዋ ልጅ ነው፤ አክብሮ ነው ያናገረኝ።

«እናቴ፣ የድሮው ቅጂ እኮ ጥራት የለውም። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማበታል። ዶሮም አለበት።»

«ዶሮው የኔ ነው። ዶሮውን ታወጣለህ እንጂ ሰው ታወጣለህ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ተወው።

«ፍጥነቱም አይገጥምም» አለ። «እኛ ያፈጠንነው ላይ የእሷ ድምፅ ቢገባ እንደ ሕፃን ነው የሚሆነው።»

«እንግዲያው ባዶ ተወው። በእሷ ተራ ከበሮው ብቻ ይለፍ።»

«ባዶ የሚባል ነገር የለም እናቴ። ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል፣ ወደ ሌላ ዘፈን ያልፋል። ደግሞ ከወጣ በኋላ አይመለስም። ዘፈኑ አሁን የሕዝብ ነው።»

«የሕዝብ ከሆነ እኔም ሕዝብ ነኝ» አልኩት። አልረዳኝም። ክፋት የለበትም፤ ደንቡ የሌለበት አገር ሰው ነው። ጥፋቱን እሱ ላይ መጣል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ልክ አይሆንም። ደንቡን የምታውቅ ሴት እዚያው አጠገቡ ቆማ ነበር።

የልጅ ልጄ በወልድያ በኩል በአውቶቡስ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል አለፈች፤ አሁን ትልቅ ሰው ስለሆነች ትከሻዋን ቧጨራት። እኔም ተከተልኳት፣ ግን በበሩ ዞሬ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልን። ጎረቤቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የልጅ ልጄ እግሯ ሥር ተንበረከከች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለቻት ጎረቤቴ። «ኽምጥኛ የማታውቅ ሴት ያን ቃል ማን አፏ ውስጥ ከተተላት?»

«እኔ» አለች።

«አጠገቧ ቆመሽ?»

«አጠገቧ ቆሜ። እስክትለው ድረስ ደጋግሜ።»

«እኔን ሳትጠሪኝ የልጄን ቦታ ዘጋሽ።»

የልጅ ልጄ አንገቷን ደፋች። «እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ቦታ አልመሰለኝም እማዬ» አለች፤ እሷንም እማዬ ብላ ነው የምትጠራት። «ድምፅ መሰለኝ። የተበላሸ ድምፅ የሚጠግኑ መሰለኝ። ሥራ ነው አልኩ።»

እኔ እዚህ ላይ መታገሥ አልቻልኩም። «ዘፈንሽን ራስሽ ሰምተሽው ታውቂያለሽ?» አልኳት። «የማን ጀሪካን ነው የቆመው? ማን ነው ተራ ያለፈው?»

ማልቀስ የጀመረችው ያኔ ነው። ሴቶቹም አብረው ሊያለቅሱ ሲሉ ጎረቤቴ እጇን አንሥታ ከለከለቻቸው። የልጅ ልጄን ፊት ለረጅም ጊዜ አየችው። ሲያለቅስ የሚዋሽ ሰው እንዳለ ታውቃለች፤ ያንን ፊቷ ላይ የምትፈልግ መሰለኝ።

«የድሮው አለልሽ እኮ እማዬ፣ የእሷ ድምፅ ያለበት» አለች የልጅ ልጄ።

«የድሮው ምን ያደርግልኛል? የድሮውን የዘፈነችው እዚህ ሳለች ነው። የሞተ ሰውም የድሮ ዘፈን አለው። እኔ አሁን ምን እንደምትሉ ነው የምፈልገው። አሁን ቦታዋ ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል?»

«ክፍት ነው።»

«በአፍሽ አትንገሪኝ።»

ወደ ቤት ስንመለስ የልጅ ልጄ ጎታው አጠገብ ቆመች። ያኔ ጎታው እስከ ግማሹ ገብስ ነበረው። ያሰበችው ገባኝ። ጆንያ አወጣሁና ገብሱን መገልበጥ ጀመርን። አቧራው ቤቱን ሞላው። ጎታው ባዶ ሲሆን በርጩማውን አስጠግታ ወጣች፣ ስልኩን በክር አወረደች፣ አንገቷን አስገባች። ከበሮውን ውጭ ሆኜ የመታሁት እኔ ነኝ። በእርጅናዬ የሚክስቴፕ ሰው ሆንኩ።

የወረፋውን ዘፈን በድሮው ፍጥነቱ ብቻዋን አወረደችው። የጓደኛዋ ተራ ሲደርስ አፏን ዘጋች። እኔ ከበሮውን እየመታሁ አለፍኩ። ጎታው ውስጥ የከበሮው ድምፅ ብቻ ሲዞር ይሰማል። ተራው ሲያልቅ እንደገና ጀመረች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ በመጣ ቁጥር እንዲሁ። ከበርጩማው ስትወርድ ፀጉሯ በገብስ ብናኝ ነጥቶ ነበር፤ እኔን መስላ ነበር።

ለወጣቱ ላከችለት፤ የመጀመሪያውን አውርደው ይህን እንዲለቁት ጠየቀችው። አይሆንም አላት። አብረው ሊሠሩት የነበረው ሦስተኛው ሚክስቴፕ ሌላ ሴት ገባችበት፤ የልጅ ልጄ ስም ወጣ። ይህ ለእሷ ቀላል ነገር አልነበረም። ከሰቆጣ ወጥቶ ሰው ፊት ለመቆም የነበራት በር ያ አንድ በር ነበር። ለቀናት ከእኔ ጋር በርበሬ ስትለቅም ዋለች፤ አንድ ግጥም እንኳ ከአፏ አልወጣም። ትክክለኛ ነገር ያደረገ ሰው ይካሳል ብዬ አልዋሸኋትም።

ዘፈኑን ግን ቀድማ ያሰማችው ለጎረቤቴ ነው። እኔ ቤት መደቡ ላይ ተቀመጥን፤ ስልኩ መሀላችን ነው። የመጀመሪያው ተራ ሲደርስ፣ ከበሮው ብቻውን ሲመታ፣ ጎረቤቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ሌላ ድምፅ እስኪገባ የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ማንም አልገባም። ሁለተኛውም እንዲሁ አለፈ። ሦስተኛው ላይ አንገቷን ከከበሮው ጋር መነቅነቅ ጀመረች።

«ድገሚልኝ» አለች ሲያልቅ።

ደገመችላት። ሲያልቅ ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። በማግስቱ ጥቁሩ ልብሷ ታጥቦ አጥራችን ላይ ተሰጥቶ አየሁት። ሲደርቅ አጣጥፋ አስገባችው። አልጣለችውም፤ ለማንም አልሰጠችውም። ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ልጅቷ በሕይወት አለች ብዬ አልጽፍም። አላውቅም። አንዳንዶች «ተስፋ ሰጥታችሁ እናትየዋን አሰራችኋት፤ ብታለቅስ ይሻላት ነበር» ይሉኛል። ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። መልሴ አንድ ነው፤ እኛ ተስፋ አልሰጠናትም፣ የነበረውን ነው የመለስንላት። የማናውቀውን አለማወቃችንን በግልጽ አስቀመጥንላት። ቦታውን የመዝጋት ሥልጣን የእሷ ነው። ቀኑ ከመጣ ራሷ ትገባለች፣ የሁለቱን ልጆች እጅ ራሷ ታያይዛለች። ያን ከእሷ መንጠቅ ለዘፋኝም፣ ለስቱዲዮም፣ ለእድርተኛም አልተፈቀደም።

በነሐሴ ሻደይ ሲወጣ ቡድኑ ክፍተቱን ይዞ መጣ። አንዲት ያላወቀች ትንሽ ልጅ እየዘለለች መጥታ እዚያ ክፍተት ላይ ቆመች። ጎረቤቴ ከሰው መሀል ወጣች፣ ልጅቷን በትከሻዋ ያዘቻትና ሳትቆጣት ከጎን አሰለፈቻት። ወገቧ ላይ የላላውን ሣርም አጠበቀችላት። ከበሮው አላቋረጠም።

የአዲስ አበባው ቅጂ አሁንም አለ፤ ወደ ወልድያ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ያቺ ሴትዮ አሳምራ ነው የምትዘፍነው፤ ይህን አልክድም። በሰቆጣ ባጃጆች ግን የሚሰማው የጎታው ነው። ማንም አላዘዛቸውም። ወሬውን የሰማው ነጂ ለሌላው አቀበለው፣ ያም ለሌላው።

ባለፈው የገበያ ቀን ከጎረቤቴ ጋር በባጃጅ ስንመለስ ያ ዘፈን መጣ። አብሮን የተሳፈረ አንድ እንግዳ ሰው ነበር፤ ልብሱ የቢሮ ሰው ያስመስለዋል። የተቀባይዋ ተራ ደርሶ ከበሮው ብቻውን ሲቀር ሰውዬው ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

«ተቋረጠብህ እንዴ?» አለው ነጂውን።

«አልተቋረጠም» አለ ነጂው፣ ዞር ሳይል። «የሰው ቦታ ነው።»

ሰውዬው እኔን አየኝ። እኔ ጎረቤቴን አየሁ። እሷ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ መንገዱ እያየች ነበር፤ በጣቷ ዘንቢሉን ቀስ እያደረገች ከከበሮው እኩል ትመታ ነበር።